የምድጃ በር አልቆለፍ ሲል

ራሱን በሙቀት የሚያጸዳ የኤሌክትሪክ ምድጃ በሩ አልቆለፍ ሲል፣ ብዙዎቻችን የሚቀናን በጉልበት መግፋት ነው። ይህ ማጠፊያውን ከማጣመም በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ለመሆኑ ቁልፉ ለምን አስፈለገ? ምድጃው በውስጡ የተጣበቀውን ስብ አመድ ለማድረግ እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል። በዚህ ግለት በሩ ቢከፈት ሰው ይቃጠላል። ስለዚህ መንጠቆው በሩን ሲቆልፍ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ትጫናለች፤ እርሷ ካልተጫነች የማጽጃው ሙቀት አይጀምርም።

ምርመራችን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሁን።

1. ሶኬቱን ነቅለን ምድጃው እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ።
2. በመንጠቆው ቀዳዳ የደረቀ ስብ ካለ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ እንጥረግ።
3. ወጣ ብሎ የቀረ የብረት መደርደሪያ ወይም የታጠፈ የበር ዙሪያ ማሸጊያ እንዳለ እንይ።
4. በሩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ማጠፊያውን እንጠርጥር።
5. ሶኬቱን መልሰን እንሞክር።

አሁንም ካልቆለፈ የቁልፉ ሞተር ወይም ማብሪያዋ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ እናሳይ፤ እስከዚያው ምድጃውን በእጅ ማጽዳት ይቻላል። ማብሪያዋን ዘሎ ሽቦ ማገናኘት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ምድጃው ሲግል በሩ ሳይቆለፍ ይቀራልና።

ተማሪዎቻችንንም ይህንኑ እናስተምር፦ መሣሪያ እንቢ ሲል ከማስገደዳችን በፊት ለምን እንቢ እንዳለ እንመርምር።