ለጋይንት መንገድ የሚሆን የሞተር ጫማ

ከሞተር ላይ ወደቀ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፍጥነት ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ግን ሞተረኛ በእግረኛ ፍጥነት እያዘገመም ይወድቃል፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም።

አንድ የማውቀው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክረምት ላይ ከጉና ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ከብት አክሞ ሲመለስ፣ በአንደኛ ማርሽ ዳገት እየወጣ ነበር። የፊት ጎማው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ጠፋና ወደ ግራ አዘነበለ። እሱም ሁላችንም እንደምናደርገው ግራ እግሩን ጣለ። እግሩ ያረፈው ግን ሜዳ ላይ ሳይሆን ድንጋይ ጠርዝ ላይ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሞተር ደግሞ ባቱ ላይ ተኛ። ያደረገው ሸራ ጫማ ምንም አልሆነም፤ ክሩ እንኳ አልተፈታም። አጥንቱ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሦስት ወር ቤት አዋለው።

ይህን ያነሣሁት ሸራ ጫማን ለመውቀስ አይደለም። ሸራ ጫማ የተሠራው ለመራመድ ነው። ሞተር ላይ የሚደረግ ጫማ ግን ሌላ ሥራ አለበት፤ እግር ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ እንዳይታጠፍ መያዝ አለበት።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰው፣ ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» በሚለው ዋና መንገድ ላይ እስከተሄደ ድረስ ችግሩ አይታወቅም። ከሱ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ሲገባ ግን መጀመሪያ ጠጠር ይመጣል፤ ቀጥሎ የገበያተኛና የአህያ እግር ያወጣው መንገድ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ በሌላው ወገን መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ መካከል የሚሄድ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ሠራተኛ ወይም ሰው ጭኖ የሚያድር ሞተረኛ በአንድ ቀን ብርድ፣ ዋልካ ጭቃ፣ ወንዝ መሻገሪያና የድንጋይ ደረጃ ያገኘዋል። ራስን ሄልሜት ያድናል፤ እሱን የሚተካ ነገር የለም። እግር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያውም ሞተረኛው በየመንገዱ መሬት ላይ የሚጥለው፣ ከሞተሩ ሥር የሚቀረው እግሩ ሆኖ ሳለ።

ሞቶክሮስ ለሚባለው ያልተነጠፈ መንገድ የሞተር ውድድር የሚሠራው እውነተኛው ጫማ በጣም ጠንካራ ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች ጥቂት ጣት ሲቀር ይቆማል። የእግር አገዳው ፊት ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳህን አለ፤ ቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ በጠንካራ አካል ተይዟል፤ ጣቶቹና ተረከዙ በሽፋን ተከበዋል፤ ሶሉ ውስጥ መሀል እግርን የሚደግፍ የብረት ዘንግ አለ። የሚታሰረው በክር ሳይሆን በሦስት ወይም በአራት ዘለበት ነው። አሠራሩ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማን ካስታወሰዎት አልተሳሳቱም። በሰሜን ጣሊያን አሶሎ በምትባል ከተማ ሳንቴ ማዛሮሎ እ.ኤ.አ. በ1963 አልፓይንስታርስን ሲመሠርት ይሠራ የነበረው የተራራና የበረዶ ጫማ ነበር፤ ወደ ሞቶክሮስ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ሲዲና ጋርኔ የሚባሉት ሌሎቹ ስመ ጥር ጫማ ሠሪዎችም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው።

ከዘለበቶቹ ይልቅ አስተውለው ሊያዩት የሚገባው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያለው መጋጠሚያ ነው። በጥሩ ጫማ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ነገር ግራና ቀኝ ይታያል። እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲታጠፍ ይፈቅዳል፤ ወደ ጎን ግን ይከለክላል። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን ጫማውን በአንድ እጅ ተረከዙ ላይ፣ በሌላው አፉ ላይ ይዘው ወደ ጎን ለማጣመም ይሞክሩ። እንደ ካልሲ ከዞረልዎት ለውበት የተሠራ ነው። ቀጥሎ ሶሉን መሀል ላይ ለማጠፍ ይሞክሩ፤ በሁለት እጅ ጉልበት ከታጠፈ ቆመው ሲነዱ መሀል እግርዎን ያደክመዋል። የድንጋይ መንገድ ደግሞ ቆመው ካልነዱት አይነዳም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደረስን። የውድድር ሞቶክሮስ ጫማ ለኛ ሥራ ምርጡ አይደለም። ጥንዱ እንደየዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሶሉ በመርገጫው ላይ በቀላሉ እንዲንቀሳቀስ ተብሎ ጠፍጣፋና ለስላሳ ሆኖ ይሠራል፤ ውሃም ያስገባል። ተወዳዳሪው ግማሽ ሰዓት ነድቶ ያወልቀዋል። የኛ ሞተረኛ ግን ሞተሩን ጥላ ሥር አቁሞ ገደል ይወርዳል፣ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ከሰው ቤት ደርሶ ቡና ይጠጣል። ጠፍጣፋ ሶል በእርጥብ ሣር ላይ ምን እንደሚያደርግ ለጋይንት ሰው አይነገርም።

ለዚህ ሥራ የሚሻሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ኢንዱሮ የሚባለው ነው፤ አካሉ እንደ ሞቶክሮሱ ጠንካራ ሆኖ ሶሉ ግን ጥርስ አለው። ሁለተኛው ለረጅም ጉዞ የሚሠራው አድቬንቸር ጫማ ነው። ይህ ለመራመድ ይመቻል፣ ብዙውን ጊዜም ውሃ የማያስገባ ገበር አለው፤ ጥበቃው ግን ከኢንዱሮው ትንሽ ያንሳል። ምርጫው እንደ ውሎዎ ነው። በቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግርዎ የሚሄዱ ከሆነ አድቬንቸሩን ይውሰዱ። ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ የሚውሉ፣ ያውም ሰውና ጭነት የሚጭኑ ከሆነ ኢንዱሮው ይሻላል። እኔ ለእግሬ ብመርጥ፣ የንፋስ መውጫ ብርድ እርጥብ እግር ላይ ሲደርስ ማርሽ መቀየሪያው እንኳ እንደማይሰማ ስለማውቅ፣ ውሃ የማያስገባውን እወስዳለሁ።

በጫማው ምላስ ወይም አፍ ውስጥ የተሰፋ መለያ ይፈልጉ። በአውሮፓ የሞተረኛ መከላከያ ጫማ የሚፈተንበት ደረጃ ኢ.ኤን. 13634 ይባላል። ደረጃውን ያለፈ ጫማ ላይ የሞተረኛ ምስልና አራት ቁጥሮች ይታተማሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር 1 ወይም 2 ነው፣ 2 ይበልጣል። የመጀመሪያው ስለ ቁመቱ ነው። ሁለተኛው አስፋልት ወይም ድንጋይ ላይ ሲጎተት ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሦስተኛው ስለት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚችል ይናገራል። አራተኛው ለኛ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከግራና ከቀኝ ሲጫን ሶሉ ምን ያህል እንደሚመክት ያሳያል። ሞተር ተኝቶበት ከድንጋይ ጋር የተጣበቀ እግርን የሚያድነው ይህ ነው። ከቁጥሮቹ አጠገብ አይ.ፒ.ኤ. የሚል ፊደል ካለ ቁርጭምጭሚቱ፣ አይ.ፒ.ኤስ. ካለ የእግር አገዳው ከምት መከላከያ እንዳለው ተፈትኗል። ደብሊው.አር. ውሃን የመከላከል ምልክት ነው። ታላቅ ስም ተጽፎበት መለያ የሌለው ጫማ ካጋጠመዎት፣ ስሙን ትተው ቅድም ባልኩት የእጅ ፈተና ይመዝኑት።

ልክ የሚወሰደው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣልና። ብርድ ላይ የሚያደርጉትን ወፍራም ካልሲ ይዘው ይሂዱ። ወረቀት ላይ ቆመው ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ 42 የሚል ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ሴንቲ ሜትር ግን አይዋሽም። ጫማውን አጥልቀው ዘለበቶቹን ከታች ወደ ላይ ይቆልፉ። ከዚያ ደረጃ ላይ ወይም ዘንበል ያለ ቦታ ላይ ቁልቁል ይቁሙ። ጣትዎ ጫፉን ከነካ፣ የጨጨሆን ዓይነት ቁልቁለት ፍሬን ይዘው ሲወርዱ ጥፍርዎ ይጠቁራል። ተረከዝዎ ጥቂት ቢነሣ ግድ የለም፤ ብዙ ከተነሣ ግን ጫማው ሰፍቶዎታል። አዲስ ጫማ ሲጠነክር አያስደንግጥዎት፣ በጥቂት ቀናት ይላላል። የሚቆረቁር አጥንት ካለ ግን አይላላም፤ ይተዉት።

ከገዙ በኋላ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ሻጭም ስለማይነግርዎት እዚህ ልበለው። ወፍራሙ የጫማ አፍንጫ ከማርሽ መቀየሪያው ሥር አይገባም። በኛ አገር በብዛት የሚታየው ቦክሰር ሞተርና መሰሎቹ የሚመጡት በፊትም በተረከዝም በሚረገጥ መቀየሪያ ነው፤ በመርገጫውና በመቀየሪያው መካከል ያለው ቦታ ለቀጭን ጫማ የተለካ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቁጭ ብለው አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ይሞክሩ። ካስቸገረ የመቀየሪያውን ቡሎን አላልቶ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ማዞር ለማንኛውም ሞተር ጠጋኝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የኋላ ፍሬኑም እንደ ድሮው አይሰማዎትም፤ ሶሉ ወፍራም ስለሆነ እግር ሳያውቅ ፍሬን ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመዱ፣ ሰው አይጫኑ።

እንዲህ ያለው ጫማ በንፋስ መውጫ ሱቆች በቀላሉ አይገኝም። አንዳንዱ ከውጭ በዘመድ እጅ ያስመጣል፣ አንዳንዱ ከልባሽ ጫማ መካከል ፈልጎ ያገኛል። ልባሹን የሚገዙ ከሆነ የቁርጭምጭሚቱን መጋጠሚያ አሥር ጊዜ ያጥፉት፤ ከላላ ጥቅሙ አብቅቷል። ዘለበቶቹ ሁሉ መኖራቸውንም ይቁጠሩ። የተበላ ሶል ግን አያሳስብዎት፣ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ይቀይረዋል።

ይህም ካልተገኘ ባለው መሻሻል ይቻላል። ሰንደልና ኮንጎ ጫማ ሞተር ላይ ፈጽሞ አይደረጉም። የጎማ ቦቲ ከጭቃ ያድናል፤ ቁርጭምጭሚት ግን አይይዝም፣ ማርሚታው ላይ ከነካ ደግሞ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከሚገኘው ሁሉ የሚሻለው ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር የቆዳ ከስክስ ነው። ክሩን አጥብቀው ያስሩና የተረፈውን ወደ ውስጥ ይክተቱት። የተንጠለጠለ ክር መርገጫው ላይ ተጠምጥሞ ሰው ሲቆም እግሩን መሬት ማድረስ አቅቶት ባለበት ሲጋደም በዓይኔ አይቻለሁ። ከከስክሱ በላይ የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን ጋምባሌ ከሱሪ ሥር ቢያስሩ የእግር አገዳዎን ከድንጋይ ምት ያድናል። ሙሉ ጥበቃ አይደለም፤ ግን ከምንም ይሻላል።

ከኋላ የሚቀመጠውስ? ነዳጅ ከፍሎ የሚጫነው ሰው፣ ገበያ የምትሄደው እናት፣ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ልጅ በብዛት ክፍት ጫማ አድርገው ነው የሚወጡት። ከኋላ ያለ ሰው ባቱ ከማርሚታው፣ ተረከዙ ከራጂው ጋር ጎረቤት ነው። የልጅ ተረከዝ ራጂ ውስጥ ከገባ ሥጋውን ከአጥንት ይለያል። መርገጫው ላይ እግሩ የማይደርስ ልጅ ሞተር ላይ አይጫን። ለአዋቂውም ተረከዙን የሚሸፍን ጫማ ይጠይቁት።

ከወደቁና እግር የተሰበረ ከመሰለ ጫማውን ጎትተው አያውልቁ። ዘለበቱን ወይም ክሩን ሁሉ ፈትተው አላሉት፤ እግሩን በሁለት እንጨት መካከል ሳይጠብቅ ደግፈው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ወጌሻ ጋ የሚሄድ ብዙ ነው፤ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች እንዳሉም አውቃለሁ። ማሰሪያ ሲጠብቅ ግን ደም ይቆማል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከበረታ ማሰሪያው ያኔውኑ ተፈትቶ ሆስፒታል መድረስ አለበት። በዚህ ምክንያት የተቆረጡ እግሮች አሉ።

ጫማው ሲረጥብ ምድጃ ዳር አያድርጉት። እሳት ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ የሶሉን ማስቲሽም ያላቅቀዋል። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው፣ ውስጡን ጋዜጣ ሞልተው ንፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ያቁሙት፤ ንፋስ መውጫ ላይ ንፋስ አይጠፋም።

ለሠራተኛ ሞተር ለሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም አንድ ነገር ልጠይቅ። ሞተር ሲታዘዝ ሄልሜት አብሮ ይጻፋል፣ ጫማ ግን አይጻፍም። ለአንድ ሰው አንድ ጥንድ ጫማ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሦስት ወር ቤት የዋለ የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ለአንድ ወረዳ ትንሽ አይደለም። የግዢ መጠየቂያው ላይ ከሄልሜቱ ቀጥሎ ጫማ ተብሎ ይጻፍ። ሁሉም 42 ተብሎ አንድ ላይ እንዳይታዘዝ ደግሞ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ትይዩ የእግሩ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይሞላ።