ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ወገን ያስታውሳል፤ እዚያ ሰፈር «አለቀለት» የሚባል ዕቃ የለም። አሮጌ በርሜል ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ከጣሳ ኩራዝ ይወጣል። በየቤታችንም መብራት ቢጠፋ ፋኖስ፣ ቧንቧ ቢደርቅ በበርሜል የተጠራቀመ ውሃ ይጠብቀን ነበር። ይህን ሁሉ የድህነት ምልክት አድርገን ቆጠርነው። ለካስ ዋስትና ኖሯል!

በሠለጠነው ዓለም የዕቃ ዕድሜ ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ይህ ሐሜት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ታላላቅ የአምፑል አምራቾች ጄኔቭ ላይ «ፌቡስ» የተባለ የጥቅም ማኅበር አቋቁመው የአምፑል ዕድሜ በ1,000 ሰዓት እንዲወሰን ተስማሙ። ከልኩ ያለፈ ፋብሪካ ይቀጣ ነበር። በዚሁ በካሊፎርኒያ ግን የሊቨርሞር ከተማ እሳት አደጋ ጣቢያ አንድ አምፑል፣ ብርሃኑ የደከመ ቢሆንም፣ ከ1901 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል።

ዛሬ ደግሞ ዕቃው ሳይበላሽም ይሞታል። በ2022 የአሜሪካ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች የ3ጂ መረባቸውን ሲዘጉ፣ በ3ጂ ብቻ ይደውል የነበረ ደህና ስልክ ሁሉ መደወል ተሳነው።

ከዕቃው ማለቅ የሚብሰው የመጠባበቂያው መጥፋት ነው። ፎቶግራፉ፣ ባንኩ፣ የአገር ቤት ዘመድ ቁጥር፣ ሁሉም በአንዲት የእጅ ስልክ ውስጥ ተከቷል። እርስዎ የስንት ሰው ቁጥር በቃልዎ ያውቃሉ? ነባሩ የመዳብ ሽቦ ስልክ ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ኤቲ ኤንድ ቲ በካሊፎርኒያ መሠረታዊ ስልክ የማቅረብ ግዴታው እንዲነሣለት ያቀረበውን ጥያቄ የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በጁን 2024 ውድቅ አድርጎታል። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናትና አባቶቻችን ጉዳዩ 911 የመደወልና ያለመደወል ጉዳይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት መብታችሁን ጠይቁ። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት፣ ከጁላይ 2021 ወዲህ ለገበያ የቀረቡና የጅምላ ዋጋቸው ከ100 ዶላር የማያንስ የኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃዎች፣ ጥቂቶቹ ሲቀሩ፣ ሞዴሉ መመረት ካቆመ በኋላም ለ7 ዓመት መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ሊቀርብላቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ የወላጆቻችሁ የቤት ስልክ በመዳብ ሽቦ ይሁን በኢንተርኔት ኩባንያውን ጠይቁ፤ በኢንተርኔት ከሆነ ያለ ባትሪ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ የልጆቻችሁን፣ የሐኪማችሁንና የአገር ቤት ቤተሰባችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም።