የጽዋ ማኅበርና የሥራ ጥሪት



ዛሬ ልናነጋግርዎ ያሰብነው ቀላል መስሎ ስለሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ቤት ስለሚያቆምና ስለሚያፈርስ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው እጅ እያለው፣ ሙያ እያለው፣ ለሥራው መጀመሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ባጣ ጊዜ፣ በአንድ መቅደስ ጥላ ሥር አብረውት የሚቆሙ ወገኖቹ በምን መንገድ ሊደግፉት ይችላሉ የሚለው ነገር ነው።

ነገሩን በደመና ላይ እንዳንሠራው አንድ አገር እንያዝ። ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ ይምጡ። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ውርጫማ አገር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ስለሚኖሩበት ዛሬ ስሙ በውጭ አገር ሳይቀር ይጠራል። ለመንዜ ግን ጓሳ ከሁሉ አስቀድሞ ሣር ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ የሚሠራበት ሣር። የአገሩ ሀብት ገብስና በግ ነው። ከበጉ ጠጉር ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ባናና በርኖስ ይሠራሉ። ይህ የእጅ ሥራ ውርጭ ገብሱን በመታበት ዓመት የቤተ ሰብ መዳኛ ሆኖ የኖረ ነው።

አሁን አንድ ባና መሥራት የተማረ ጎልማሳ በሐሳብዎ ያቁሙ። ገንዘብ ከሌለው ጠጉሩን የሚገዛው በብዛትና በርካሽ ጊዜ ሳይሆን፣ ጥቂት በጥቂት በዕለቱ ዋጋ ነው። ባናውንም ሠርቶ እንደ ጨረሰ የቤቱ ችግር ስለሚያስቸኩለው ነጋዴው በጠራለት ዋጋ ይሰጣል። በመግዛትም በመሸጥም ይጎዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሰነፍ ነው ቢሉት ሐሰት ነው፤ የጎደለው ብልሃት ሳይሆን የጥቂት ወራት ፋታ ነው። ለማበደር የሚችለው ግን መያዣ ይጠይቃል፤ የገበሬው መሬት በአገራችን ሕግ የማይሸጥ ሆነ፤ የቀረው አራጣ አበዳሪው ነው። አራጣን ደግሞ መጻሕፍትም አባቶችም ሲነቅፉት የኖሩ ቢሆንም፣ ነቀፋ ብቻውን ጠጉር አይገዛም።

መንዝ ግን የጋራን ነገር በጋራ መጠበቅ የማያውቅ አገር አይደለም። የጓሳን ሣር አስቦና ጌራ ከተባሉት ከቀደምት አባቶች የሚወለዱት ባለ ርስቶች ቄሮ በሚባል ሥርዓት በብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውት ኖረዋል። ተጠቃሚው በየአጥቢያው የተከፈለ ነበር፤ አለቃም ይመርጣል። ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት ሁሉም በተወሰነው ቀን ወጥቶ ያጭዳል፤ ከዚያም ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባም በጾመ ሐዋርያት ፍቺ፣ በሐምሌ 5 ቀን፣ ሰውም ከብቱም ወጥቶ ይዘጋል። ቀኑን የቤተ ክርስቲያን በዓል ስላደረጉት አላወቅሁም የሚል አይገኝም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ወደቀ፤ ሣሩም ለጊዜው ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ እንደ ገና ተሰብስቦ ደንብ አውጥቶ መጠበቅ ጀመረ፤ የክልሉም መንግሥት በሕግ አወቀው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ለሦስት ዓመት ሣር ሳይነካ ተማምኖ መቆየት የቻለ አጥቢያ፣ ለአንድ ዓመት ገንዘብ ተማምኖ ማስቀመጥ ያቅተዋልን?

ለዚህ የሚሆነው ዕቃ በእጃችን አለ፤ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ጻድቅ ወይም ሰማዕት ስም ይሰበሰባሉ፤ በወር በወር ተራ በተራ ይደግሳሉ፤ ሙሴ ይሾማሉ። አንዱ ቢታመም ይጠይቁታል፤ ቢሞት ይቀብሩታል። ማን እንደሚሰክር፣ ማን ዕዳውን እንደሚከፍል፣ የማን ሚስት ቆጣቢ እንደ ሆነች ያውቃሉ። ባንክ በብዙ ወረቀት የሚፈልገውን እነርሱ ያለ ወረቀት ይዘውታል። ስለዚህ ማኅበር ለሥራ ጀማሪ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ገንዘብ አይደለም፤ ዕውቀትና ዋስ ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚሉትን እናውቃለን። ማኅበር ጥሪት ይበላል፤ ጌሾውና ብቅሉ፣ ዳቦውና ወጡ ተቆጥሮ ቢታይ የበግ ዋጋ ይሆናል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ጽዋው ባይኖር አሥራ ሁለቱ በየወሩ ፊት ለፊት ባልተያዩ ነበር፤ ካልተያዩ ደግሞ አይተማመኑም። መፍትሔው ጽዋውን ማፍሰስ ሳይሆን ድግሱን መቀነስ ነው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ አባል ከድግሱ ቀንሶ በወር 50 ብር ቢያኖር፣ በወር 600፣ በዓመት 7200 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ እንደ ዕቁብ በዕጣ ቢወጣ ለሠርግም ለልብስም ይውላል፤ ነገር ግን ለሥራ ብቻ፣ በብድር፣ አባላቱ ሥራውን መርምረው ቢሰጡት፣ ተመልሶ ለሌላው ይደርሳል። በዕጣና በምርመራ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይምሰልዎ።

ይህ ምርመራ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል በእንግሊዝ አገር ክዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች አሳይተዋል። እነዚህ ሰዎች መሐላ ስለማይምሉ ከመንግሥት ሹመትና ከታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ተከልክለው በንግድ በረቱ፤ ባርክሌይስና ሎይድስ የተባሉት ባንኮች፣ ካድበሪ የተባለውም የቸኮላታ ፋብሪካ ከእነርሱ ወገን የተነሡ ናቸው። እርስ በርሳቸው ይበዳደሩ ነበር፤ ሆኖም ጉባኤያቸው ማንም አባል ከአቅሙ በላይ እንዳይበደር ይመክር፣ ንግዱም ሲያዘነብል ሽማግሌዎች ሰዶ መዝገቡን ያስመረምር ነበር። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ከጉባኤው ይወጣል። ስለ እስረኞች በደከመችው ሥራ ስሟ የታወቀው የኤልሳቤጥ ፍራይ ባል እንኳ፣ በ1828 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባንኩ ሲወድቅ ከዚሁ ቅጣት አልዳነም። ጭካኔ ነው ይሉ ይሆናል። እኛም በከፊል እንዲሁ እንላለን፤ ምክንያቱም በውርጭ የወደቀና በስካር የወደቀ አንድ አይደለም። ነገር ግን ለእነርሱ የውጭ ሰው ሁሉ ሳይፈራ ያበድራቸው የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ወንድማችን ሲከስር ዝም የምንለው በርኅራኄ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከይሉኝታ የተነሣ ነው፤ እርሱም ተሸፍኖ ሲቆይ አሥር ብር የነበረው ዕዳ መቶ ሆኖ ይገለጣል።

በሌሎችም ሃይማኖቶች ዘንድ ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በኢጣልያ የፍራንሲስካን መነኮሳት በ1462 በፔሩጂያ ከተማ ድኻው ዕቃ አስይዞ በትንሽ ክፍያ የሚበደርበትን ቤት አቆሙ። በኒው ዮርክ አይሁዶች በ1892 ያለ ወለድ የሚያበድር ማኅበር መሠረቱ። በእስልምና ሕግ ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች አንዱ ዕዳ የከበደው ሰው ነው፤ ያለ ትርፍ ማበደርም ምስጉን ሥራ ነው። በአገራችንም ከወለድ ነፃ ብቻ ሆኖ የሚሠራ ዘምዘም የተባለ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከአዳማ የወጣው ነው። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በዚያች ከተማ ድኾችን፣ ይልቁንም ሴቶችን፣ ሃያ ያህል ሆነው በቡድን እንዲሰበሰቡ አደረገች። ከውጭ ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ በየሳምንቱ ከሳንቲም የማይበልጥ እያስቀመጡ ከዚያው ተበዳደሩ። ብድሩ ትንሽ ስለ ሆነ ሥራውም በትንሹ ተጀመረ። ዘዴው ከዚያ ወዲያ በብዙ የአገራችን ክፍል ተስፋፋ። የራሱ ላብ ያለበትን ገንዘብ ሰው አክብሮ ይመልሳል፤ ሰጪው ከሩቅ ሲሆን ግን ብድሩን እንደ ምጽዋት ይቆጥረዋል።

ወደ መንዝ እንመለስና፣ አጥቢያው ገንዘብ ሳያወጣ ሊሰጠው የሚችለውም አለ። ይኸውም ክብር ነው። በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብ ልማድ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጅ ስድብን ይቀጣል፤ ትዳር ሲፈላለጉ ባለ እጅን ማሳነስን ግን ሊያስቀር የሚችለው የንስሐ አባትና የአጥቢያ ሽማግሌ ነው። ስለ በዓላት ብዛትም እንዲሁ። የትኛው ቀን በእውነት ሥራ የሚከለክል፣ የትኛውም በልማድ ብቻ የተጨመረ እንደ ሆነ ካህኑ ለይቶ ቢያስተምር፣ ለባለ እጁ በወር ውስጥ ብዙ የሥራ ቀን ያተርፍለታል።

እንግዲህ አንድ ማኅበር ይህን ሊጀምር ቢያስብ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው አንድ ሰው አይሁኑ። የተበደረው ሰው ስም፣ የገንዘቡ ልክ፣ የሚመለስበትም ቀን በጽዋው ዕለት ለሁሉ ይነበብ። የመመለሻውም ቀን እንደ ጓሳው መዘጊያ ማንም በማይረሳው በዓል ላይ ይሁን። ውርጭ ወይም በሽታ ሲያጋጥም ጊዜ የሚራዘምበት አንቀጽ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ አንቀጽ አድልዎ ይመስላልና።

አባል ያልሆነው፣ ከሌላ አገር የመጣው፣ ወይም የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆነው ጎረቤትስ? ይህ የማኅበር ሁሉ ድካም ነው፤ እርስ በርስ የሚያስተማምነው ገመድ ሌላውን በውጭ ያስቀራል። በከተሞች ዕድሮች የተለያየ ሃይማኖት ያላቸውን ጎረቤቶች በአንድነት እንደሚያቅፉ ስለምናይ፣ የገጠሩም ማኅበር ጸሎቱን ለራሱ አድርጎ የብድሩን መዝገብ ለጎረቤቱ ቢከፍት የሚያጣው ነገር አይታየንም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ባናው የሚጀምረው ከእንዝርት ነው፤ እንዝርቱ ያለው በሴቲቱ እጅ ነው። ብድሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በባል ስም ይጻፋል፤ ፈትሏን ለብቻዋ ሸጣ በግ ለመግዛት የምትፈልግ ባለቤት ወይም መበለት በመዝገቡ ላይ ስም የላትም። የሴቶች የጽዋ ማኅበር በየአጥቢያው አለ። መዝገቡ እዚያም ይከፈት፤ በፊርማው ቦታ ላይም የራሷ ጣት ይረፍበት።