የውሃ ፓምፕ አቀያየር፦ ከኢተያ መንገድ ያገኘሁት ትምህርት

የሞተር ማቀዝቀዣ ሥርዓትን ሁላችንም በክፍል ተምረናል። እኔ ግን ነገሩ በደንብ የገባኝ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ኢተያ ላይ በአጎቴ ሚኒባስ ነው።

አጎቴ ከአዳማ አሰላ ሰው ያመላልሳል። መኪናው 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ አዋሽ መልካሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ስትሆን ኢተያ ወደ 2,200 ሜትር ትጠጋለች። አጎቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጉዞው ራዲያተሩ ላይ ውሃ ይጨምር ነበር። «ዳገቱ ነው የሚጠጣው» ይለኛል። እኔም የአውቶሞቲቭ ተማሪ ነኝ ባይ፣ «ቴርሞስታቱ ነው» ብዬ አስቀየርኩት። ብሩ ወጣ፣ ውሃው ግን መጉደሉን አልተወም። በመጨረሻ ኢተያ መግቢያ ላይ ሞተሩ ፈላ። ተሳፋሪው ሒሳቡን ተቀብሎ በሌላ መኪና ሄደ።

ረዳቱ ክዳኑን ሊከፍት ሲል አጎቴ ጮኸበት። ልክ ነበር። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ኢተያ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑ ከተከፈተ ውሃው ፊት ላይ ይፈነዳል።

በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ መጡ። ቬንትሌተሩን ይዘው ሲወዘውዙት ተነቃነቀ። ከዚያ ከፓምፑ ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ አሳዩኝ፤ እርጥብ ናት። ፓምፑ ውስጥ ዘንጉን የሚሸከም ኩሽኔታና ውሃውን የሚያግድ ሲል አለ። ሲሉ ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታውን እንዳያበላሽ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። «ልጄ፣ የሚደፍናት ሰው አለ፤ እሷ እኮ ነጋሪ ናት» አሉኝ።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ ይጠበቃል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ውሃው በዕቃ ይቀዳል። ኩላንት ካለበት መሬት ላይ አይደፋም፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ከብትና ውሻ ይጠጡታል። ቀጥሎ ቺንጋው ይላላና ይወጣል፣ ቬንትሌተሩና ፑሌው ይፈታሉ። ቡሎኖቹ ቁመታቸው ሊለያይ ስለሚችል የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ምልክት ይደረግባቸዋል። አሮጌው ጋስኬት ብረቱን ሳይቧጭር ተፍቆ ይጸዳል። አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይመሳከራል፣ በእጅም ሲዞር ድምፅ ማሰማት የለበትም። አዲስ ጋስኬት ገብቶ ቡሎኖቹ ባንዴ ሳይሆን ተራ በተራ፣ በመስቀልኛ ይጠብቃሉ። ቺንጋው ከላላ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላል።

ሲያልቅ ከኩላንት ጋር የተደባለቀ ንጹሕ ውሃ ይሞላል፤ ባዶ ውሃ ዝገት ያመጣል። ከዚያም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ይነሣል፤ አየሩ እስኪወጣ እየተጨመረ ቆይቶ ይከደናል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ያቺ ቀዳዳ ትታያለች።

ደግነቱ ቴስታታው አልተጣመመም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብንገፋ ኖሮ የአጎቴ እንጀራ ቆሞ ነበር። የቴርሞስታቱን ዋጋ እስካሁን አላነሳብኝም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። እናንተም ዕቃ ከማስቀየራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ውሃው ከየት እንደሚንጠባጠብ እዩ።