በረቂቅ ከረጢት የሚጓዝ መድኃኒት

ዶክሶሩቢሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት መልኩ ደማቅ ቀይ ነው። የተገኘውም በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ ከተባሉ ባክቴሪያዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጡት፣ የደምና የሌሎችም የሰውነት ክፍሎች ነቀርሳ ሲታከምበት ቆይቷል። ነቀርሳ ከሥርዓት ወጥተው ያለ ገደብ የሚባዙ ሕዋሳት በሽታ ነው፤ ዶክሶሩቢሲን ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ካለው ዲ ኤን ኤ ጋር ተጣብቆ ሕዋሱ እንዳይባዛ ያግደዋል።

ችግሩ መድኃኒቱ ወዳጅን ከጠላት አለመለየቱ ነው። በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ደም የሚደርስበት ስፍራ ሁሉ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት በፍጥነት የሚባዙ ጤናማ ሕዋሳት አብረው ይጎዳሉ፤ የራስ ፀጉር ይረግፋል፣ አፍ ይቆስላል፣ በአጥንት መቅኒ ውስጥ የሚመረቱት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥራቸው ይቀንሳል። እነዚህስ ሕክምናው ሲያበቃ በአብዛኛው ይሽራሉ። የልብ ጡንቻ ግን እንዲህ አይደለም። የመድኃኒቱ መጠን በተጠራቀመ ቁጥር የልብ ጉዳት እየጨመረ ይሄዳል፤ የሞተውም ጡንቻ መልሶ አይተካም። ስለሆነም አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሊወስደው የሚችለው መጠን የተወሰነ ነው። መድኃኒቱ ዕጢውን እያሳነሰው ሳለ፣ ልብ እንዳይደክም ሲባል ሕክምናው የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ለሐኪምም ሆነ ለሕመምተኛ ይህ እጅግ መራራ ውሳኔ ነው።

የመፍትሔው መነሻ የተገኘው ነቀርሳን ለማከም ሲሞከር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሌክ ባንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በካምብሪጅ አጠገብ በምትገኘው በባብራሃም ሆኖ ከእንቁላል አስኳል የወጣ የስብ ዓይነት በውሃ ውስጥ ይበጠብጥ ነበር። ስቡ በራሱ እየተጠቀለለ ውሃ የቋጠረ ረቂቅ ከረጢት እንደሚሆንም ተገነዘበ። ይህ ከረጢት በኋላ ሊፖዞም ተባለ፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የስብ አካል» ማለት ነው። የሕያው ሕዋስ ሽፋን የተሠራውም ከዚሁ ዓይነት ስብ ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት መድኃኒትም ሊቋጥር እንደሚችል ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀም።

ከረጢቱ ዕጢውን ከጤናማው አካል እንዴት ሊለይ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ የተገኘው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሱሂሮ ማትሱሙራና ሂሮሺ ማኤዳ በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ትልልቅ ፕሮቲኖች በዕጢ ውስጥ እንደሚጠራቀሙ አስታወቁ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ዕጢ በፍጥነት ስለሚያድግ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ስለዚህ አዳዲስ የደም ሥሮች በችኮላ ይበቅሉለታል። በችኮላ የበቀሉት የደም ሥሮች በጥድፊያ እንደ ታጠረ አጥር ክፍተት ይበዛባቸዋል። በዚያ ክፍተት ሾልኮ የገባ ነገር ደግሞ መውጫ መንገዱ ስለማይመች በዚያው ይቀራል። በአንጻሩ የልብ ጡንቻ የደም ሥሮች ግድግዳ የተጠጋጋ ነው። እንግዲህ ከጤናማው ግድግዳ ክፍተት የሚበልጥ፣ ከዕጢው ግድግዳ ክፍተት ግን የሚያንስ ከረጢት ቢሠራ መድኃኒቱ ልብን እያለፈ ወደ ዕጢው ይገባል ማለት ነው። ለዚህ የሚስማማው ስፋት ወደ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ሲሆን፣ እንዲህ ያሉ ከረጢቶች አንድ ሺህ ያህል ቢደረደሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህላሉ።

አሳቡን ከፍጻሜ ማድረስ ግን ቀላል አልነበረም። በኢየሩሳሌም የሐዳሳ ሆስፒታል ሐኪም አልቤርቶ ጋቢዞንና የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የኬዝኬል ባረንሆልዝ በመጀመሪያ የሞከሩት ከረጢት አልሠራላቸውም። በጉበትና በጣፊያ ውስጥ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት ከረጢቶቹን ከደም ውስጥ ለቀሟቸው፤ ጉዞውን የቀጠሉትም መድኃኒቱን በመንገድ አፈሰሱት። በመሆኑም ሁለት ማሻሻያዎች ተደረጉ። አንደኛው የከረጢቱን ገጽ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል በተባለ ንጥረ ነገር መሸፈን ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር ውሃ ስለሚስብ ከረጢቱ በውሃ እንደ ተጋረደ ሆኖ ከዋጮቹ ሕዋሳት ይሰወራል። ሁለተኛው ከረጢቱን አስቀድሞ አሞኒየም ሰልፌት በተባለ ጨው መሙላት ነው፤ መድኃኒቱ በጨው ኃይል ወደ ውስጥ ከተሳበ በኋላ እዚያው ረግቶ ጠጣር ስለሚሆን በቀላሉ አይፈስም። ዶክሲል የተባለው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በመጀመሪያም የተሰጠው ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው ነቀርሳ ለያዛቸው የኤድስ ሕመምተኞች ነበር።

ውጤቱ ብዙዎች ከተመኙት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጡት ነቀርሳቸው በተሠራጨባቸው 509 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በከረጢት የተጫነው መድኃኒት ነቀርሳውን በመግታት ከቀድሞው ጋር ተመጣጠነ እንጂ አልበለጠም፤ በልብ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን በግልጽ ያነሰ ነበር። በፈንታው አዲስ ሕመም መጣ፤ የአንዳንዶቹ የእጃቸው መዳፍና የእግራቸው ውስጥ እየቀላ ይላጥ ጀመር። ልቡ የሚድክምበትና መዳፉ የሚላጥ ሰው ግን ችግራቸው አንድ አይደለም።

እንዲህ ያለውን መድኃኒት ዒላማውን እንደማይስት ጥይት አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች አሉ፤ አባባሉ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአብዛኛው በአይጦች ላይ የተደረጉ የዐሥር ዓመት ጥናቶችን መርምረው ነበር። ከተሰጡት ረቂቅ ቅንጣቶች መካከል ዕጢ ዘንድ የደረሱት፣ መካከለኛው አኃዝ ሲወሰድ፣ 0.7 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የሰው ዕጢ ደግሞ እንደ አይጥ ዕጢ ፈጥኖ ስለማያድግ የደም ሥሮቹ ክፍተት ከሰው ሰው፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አካል ውስጥ ካንዱ ዕጢ ወደ ሌላው ይለያያል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከመስጠታቸው በፊት በምርመራ መሣሪያ የሚታዩ መድኃኒት አልባ ቅንጣቶችን በመላክ፣ የየትኛው ሕመምተኛ ዕጢ እንደሚቀበላቸው ለመለየት በመሞከር ላይ ናቸው።