ዳታቤዝ ሲቆም፦ ከመሰረዝ በፊት ማንበብ

የዳታቤዝ ሰርቨር ሲቆም ወይም ሲንቀራፈፍ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጽፎ ያስቀምጣል። የሚጽፍበት ፋይል ሎግ ይባላል። ይሁንና ሥራ ቆሞ ስልክ ሲደጋገም፣ ባለሙያውን የሚፈትነው ሎጉን ከማንበብ ይልቅ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ይህ ችግሩን ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ ሰርቨሩ በተጨናነቀበት ቅጽበት ማን ምን ይሠራ እንደነበር የሚያሳየው መረጃ ግን አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ችግር የግንኙነት መሙላት ነው። ቅንብሩ ካልተነካ ፖስትግሬስ በአንድ ጊዜ 100፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ 151 ግንኙነቶችን ይቀበላሉ። ቁጥሩን ማሳደግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ ስለሚከፍት ሸክሙ ወደ ሜሞሪው ይዞራል። ጥፋቱ በአመዛኙ ያለው ግንኙነት ከፍቶ በማይዘጋ መተግበሪያ ላይ ነው። ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የተባለው የፖስትግሬስ ዝርዝር፣ ትራንዛክሽን ጀምሮ ሳይጨርስ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ለይቶ ያሳያል። እንዲህ ያለው ግንኙነት ቦታ ከመያዙም በላይ የቆለፋቸውን መዝገቦች አይለቅም፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች «ሲስተሙ ዘገየ» የሚሉትም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ ሲጠባበቁ የሚፈጠረው ዴድሎክ ግን ስሙ የሚያስፈራውን ያህል አይከፋም፤ ሰርቨሩ ራሱ ደርሶበት አንዱን ይሰርዛል።

ዲስክ ሲሞላ ነገሩ ይከብዳል። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ በዳታ ፋይሉ ላይ ከማስፈሩ በፊት በቅድመ መዝገብ ይይዘዋል፤ ኤሌክትሪክ ድንገት ቢቋረጥ ሰርቨሩ ዳታውን የሚያስተካክለው ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ ነው። የመዝገቡ ማኅደር ለረጅም ዘመን ፒጂ ኤክስሎግ ይባል ነበር። ዲስክ የሞላባቸው ሰዎች ስሙን አይተው ተራ ሎግ ስለመሰላቸው እየሰረዙት ዳታቤዛቸውን አበላሽተዋል። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛው እትም ስሙ ፒጂ ዋል ተብሎ ተቀየረ። ማኅደሩ ከመጠን በላይ ካበጠ መመርመር ያለበት ምን እንደያዘው ነው፦ የዋናውን ሰርቨር ዳታ እየተከታተለ የሚገለብጥ ተከታይ ሰርቨር ተቋርጦ፣ ያልወሰደው መዝገብ እየተጠበቀለት ይሆናል፣ ወይም መዝገቡን ወደ ሌላ ማከማቻ የሚገለብጠው ትእዛዝ እየከሸፈ ይሆናል። ምክንያቱ ሲወገድ ሰርቨሩ ትርፉን ራሱ ያጸዳል።

የአማርኛ ጽሑፍ ለሚያስቀምጡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ጽሑፉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። አማርኛ የሚጻፍበት ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ ከ8.0 እትም በፊት የነበረው ማይኤስኪውኤል ደግሞ ካልታዘዘ በቀር የሚጠቀመው የግዕዝን ፊደል በማያውቀው ላቲን 1 ነበር። እዚህ ላይ ቸኩሎ ሰንጠረዡን መለወጥ አይገባም። መጀመሪያ የተቀመጠው ባይት ራሱ ይታይ። 3ኤፍ ብቻ ከሆነ የተቀመጠው በእርግጥ የጥያቄ ምልክት ነውና ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ሦስት ሦስቱ ባይቶች ካሉ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፣ የሚስተካከለው የግንኙነቱ ቅንብር ነው።

የችኮላን ዋጋ ጊትላብ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 በይፋ አሳይቷል። ወደ ኋላ የቀረ ተከታይ ሰርቨር ለመጠገን በሌሊት ሲሠራ የነበረ ባለሙያ፣ የተከታዩን ማኅደር የሰረዘ መስሎት የዋናውን ሰረዘ። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። መጠባበቂያ ሲፈለግ የዕለታዊው ቅጂ ማስቀመጫ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቅጂውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ለፖስትግሬስ 9.2 እትም የተሠራ፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበር ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል። ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ተቀባይ አላገኙም። ድርጅቱን ያዳነው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። በእነዚያ ሰዓታት የገባው ዳታ አልተመለሰም። ሌላ ሰርቨር ላይ ተመልሶ ያልተሞከረ መጠባበቂያ እንደ መጠባበቂያ አይቆጠርም፤ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሁሉ የራሱን ቅጂ በዚህ ወር አውጥቶ ይሞክር።