ልጄ ለትምህርት ቤቷ ትጫወት ወይስ ለትራቭል ቲም? የሶፍትቦል ወላጆች ከመወሰናችሁ በፊት

የዛሬው ርዕስ አገር ቤት ላላችሁት ትንሽ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። አሜሪካ ሆናችሁ ሴት ልጅ ለምታሳድጉት ግን የየሳምንቱ መጨቃጨቂያ ነው።

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦

«ዶክተር እንደምን አሉ? ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ሶፍትቦል ትጫወታለች፣ ፒቸር ናት። ዘንድሮ ሃይስኩል ገባች። የትምህርት ቤቷ አሰልጣኝ ይፈልጋታል። የትራቭል ቲሟ አሰልጣኝ ደግሞ ‹ኮሌጅ በስኮላርሺፕ እንድትገባ ከፈለጋችሁ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር መሆን አለባት› ይላል። አባቷ ‹የትምህርት ቤቱ ይበቃታል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሄድን እኮ ስንት ጊዜያችን› ይላል። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ የህመም ማስታገሻ ኪኒን አገኘሁ። ስጠይቃት ትከሻዋን ካመማት ሁለት ወር ሆኗታል። ‹ለምን አልነገርሽኝም?› ስላት ‹ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል ብዬ ፈርቼ› አለችኝ። የቱን እናስመርጣት?»

እዚህ መልእክት ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። የትኛው ቡድን የሚለው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ትከሻዋ ነው። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

📌 ስፖርቱን ለማታውቁት ባጭሩ

ሶፍትቦል በ1887 ቺካጎ ውስጥ የተጀመረ የቤዝቦል የቅርብ ዘመድ ነው። ኳሱ ከቤዝቦል ኳስ ይተልቃል፣ ሜዳው ያንሳል፣ ኳሱም የሚወረወረው ከታች ወደ ላይ ነው። ፒቸሯ እጇን እንደ ወፍጮ መዘውር አንድ ሙሉ ዙር አዙራ ዳሌዋ አጠገብ ስትደርስ ትለቀዋለች። በሃይስኩል ደረጃ ከመቺዋ ያላት ርቀት 43 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ገደማ ነው።

📌 ሁለቱ ቡድኖች በምን ይለያያሉ?

👉 የትምህርት ቤት ቡድን፦ በአብዛኞቹ ስቴቶች የሚጫወተው በጸደይ ነው፤ እንደ ጆርጂያ ባሉ አንዳንድ ስቴቶች በመኸር። የሚቆየው ሦስት ወር ገደማ ነው። ልምምዱ ከትምህርት በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ወላጅ ከሥራ ወጥቶ መሮጥ አይጠበቅበትም። ክፍያው ትንሽ ነው ወይም የለም። ልጅቷ ለመጫወት ውጤቷን መጠበቅ አለባት። ከመጀመሯም በፊት ብዙውን ጊዜ የሐኪም ምርመራ ፎርም ይጠየቃል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አትሌቲክ ትሬነር፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስ የሚያይ የሰለጠነ ባለሙያ አላቸው። ጉድለቱስ? የአሰልጣኙ ችሎታ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፣ በትራይአውት የምትወድቅ ልጅም አለች።

👉 ትራቭል ቲም፦ የግል ክለብ ነው። ልጆቹ ከ10፣ ከ12፣ ከ14፣ ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች ተብለው ይመደባሉ። ቅዳሜና እሁድ ሌላ ከተማ ሄደው፣ አንዳንዴም ሆቴል አድረው ይወዳደራሉ። በሁለት ቀን ውስጥ አራት አምስት ጨዋታ መጫወት የተለመደ ነው። ጥሩ ክለብ ከሆነ ልጅቷ ከጠንካራ ተጫዋቾች ጋር ትፎካከራለች፣ ቶሎም ትሻሻላለች። ግን የክለቡ ክፍያ፣ ነዳጁ፣ ሆቴሉና ዕቃው ሲደመር በዓመት በሺዎች ዶላር ይገባል። ጉዳት የሚያይ ባለሙያ መኖሩም ወላጅ ራሱ ካልጠየቀ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

📌 ስለ ስኮላርሺፕ እውነቱን እንነጋገር

የኮሌጅ አሰልጣኞች ልጆችን በብዛት የሚያዩት በበጋ የትራቭል ውድድሮች ላይ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዲቪዥን ሦስት የሚባሉት ኮሌጆች በስፖርት ብቻ ስኮላርሺፕ አይሰጡም። በሚሰጡትም ቢሆን ገንዘቡ ለብዙ ተጫዋቾች ስለሚከፋፈል ሙሉ ወጪ የሚሸፈንላት ጥቂቷ ናት። በዲቪዥን አንድ ደግሞ አሰልጣኞች ልጅቷን ለመመልመል በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት 11ኛ ክፍል ከገባች በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅ «ዘንድሮ ካልሆነ አለቀ» ስትባል አትደንግጡ። ጎበዝ ውጤት ይዛ ጤነኛ ትከሻ ያላት የ16 ዓመት ልጅ የተሻለ ዕድል አላት።

📌 አሁን ወደ ሰውነቷ

ብዙ አሰልጣኝና ወላጅ «ከታች መወርወር ለሰውነት ተፈጥሯዊ ነው፣ ትከሻ አይጎዳም» ብለው ያምናሉ። ይህ ስህተት ነው። ጥናቶች እንዳሳዩት እጅን አዙሮ መወርወር ትከሻ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከቤዝቦል ውርወራ ጋር የሚቀራረብ ነው። በተለይ የሚጎዳው በትከሻ ፊት ለፊት የሚያልፈው የክንድ ጡንቻ ጅማት ነው። በሃይስኩል ቤዝቦል የውርወራ ቁጥር ገደብ በደንብ የተቀመጠ ሲሆን በሶፍትቦል ግን ብዙ ቦታ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ስለዚህ አንዷ ጎበዝ ፒቸር ሁሉንም ጨዋታ ትወረውራለች።

እስቲ እናስላው። በአንድ ጨዋታ 80 ኳስ ብትወረውር፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አራት ጨዋታ 320 ኳስ ይሆናል። ማሟሟቂያው ሳይቆጠር! ይህ ሁሉ የሚያርፈው ገና እያደገ ባለ አጥንት ላይ ነው። በአጥንት ጫፍ ያለው የማደጊያ ክፍል ካልተዘጋ ከጅማቱ ይልቅ እሱ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርና ሌሎች የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት በቀላሉ የሚያዝ ነው፦

✅ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከልምምድም ከጨዋታም እረፍት
✅ በዓመት ከ2 እስከ 3 ወር ከዚያ ስፖርት መራቅ (አንድ አንድ ወር እያሉ መክፈል ይቻላል)
✅ እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ድረስ በአንድ ስፖርት ብቻ አለመወሰን
✅ የሳምንቱ የስፖርት ሰዓት ከዕድሜዋ ቁጥር እንዳይበልጥ

የመጨረሻዋን ያዙልኝ። ልጅቷ 14 ዓመቷ ከሆነ ከ14 ሰዓት አይለፍ። ትምህርት ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ሰዓት 10 ሰዓት ነው። የግል የፒችንግ ትምህርት አንድ ሰዓት። በሳምንቱ መጨረሻ አራት ጨዋታ ስድስት ሰዓት ገደማ። ድምሩ 17! የእረፍት ቀንም የለም። ስለዚህ በጤና ዓይን ሲታይ ትልቁ አደጋ አንዱን ቡድን መምረጥ ሳይሆን ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጫወት ነው። በአንዳንድ ስቴቶች በትምህርት ቤቱ ወቅት ለውጭ ክለብ መጫወት ጭራሽ የሚከለከልበት ደንብ አለ፤ ጠይቁ።

📌 እኛ ቤት ብቻ የሚነሳ ጉዳይ፦ ጾም

የጸደዩ ሶፍትቦልና ዓቢይ ጾም ይገናኛሉ። እስከ ሰዓት የምትጾም ልጅ ልምምድ የምትጀምረው ከሌሊት ጀምሮ እህልም ውኃም ሳትቀምስ ነው። መጾም አለመጾሟ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምለው ስለ ሰዓቱና ስለ ልምምዷ ለአባታችን በግልጽ ንገሯቸው ነው። ረመዳን ከውድድር ወቅት ጋር ሲገጥምባችሁም አስቀድማችሁ ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋገሩ።

የወር አበባ የሚያዩ ስፖርተኛ ልጆች የአይረን እጥረት በቀላሉ ይይዛቸዋል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ጥሩ ነው፤ አጠገቡ የቲማቲም ሰላጣ፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን ሲኖር አይረኑ በደንብ ይገባል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትስጧት። በሶና ኦቾሎኒ ቦርሳዋ ውስጥ ይኑሩ። ህመም ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌን፣ በባዶ ሆድና ውኃ ሳይጠጣ ሲወሰድ ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ከዚህም በላይ ህመሙን ሸፍኖ ጉዳቱን ያባብሳል።

📌 ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዷት

👉 ስትወረውር የሚያማት ህመም በእረፍት ካልጠፋ ወይም ከእንቅልፍ ካስነሳት
👉 እጇ ከደነዘዘ፣ ካበጠ ወይም የውርወራ ፍጥነቷ ከቀነሰ
👉 የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ
👉 ኳስ ጭንቅላቷን መትቷት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ካለ፤ ያኔውኑ ከሜዳ ትውጣ
👉 ትወደው የነበረውን ልምምድ ከጠላች፣ እንቅልፏና ውጤቷ ከተበላሸ

📌 ከመፈረማችሁ በፊት አሰልጣኙን ጠይቁ

«ስንት ፒቸር አላችሁ? የምትወረውረውን ማን ይቆጥራል? በዓመት የምታርፉት መቼ ነው? ልጅ ብትጎዳ ሜዳው ላይ ማን ያያታል? አመመኝ ብትል ቦታዋ ምን ይሆናል?» የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ፊቱን እዩት። ስለ ክለቡ ከሁሉም በላይ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ታዲያ ለእናቲቱ ምን አልኳት?

«እኅቴ፣ መጀመሪያ ትከሻዋን አሳዩ፤ እስከዚያ ኳስ አትወርውር። ከዚያ ጸደዩን አንድ ቡድን ብቻ ትያዝ፤ የትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ እሁዷንም አይነካም። ጤናዋ ሲመለስና ፍላጎቱ ካላት በበጋ ውድድር የማያበዛ ትራቭል ቲም ፈልጉላት። ከበጋው በኋላ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ትረፍ» አልኳት። ያላየኋትን ልጅ በስልክ ማከም ስለማይቻል ከዚህ በላይ አላልኩም።

ከሳምንታት በኋላ መልስ ጻፈችልኝ። ሐኪሙ የጅማት መቆጣት ነው ብሎ ስድስት ሳምንት ከመወርወር እረፍትና ፊዚዮቴራፒ አዟል። የትራቭል ቲሙ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጠባት። ልጅቷ የፈራችው ደርሷል፣ ሁለት ቀን አልቅሳለች። የትምህርት ቤቷ አሰልጣኝ ግን «ነጥብ እየመዘገብሽ አብረሽን ቁጭ በይ፣ ሲሻልሽ ትገቢያለሽ» አላት። እናቲቱ መልእክቷን የጨረሰችው «ዶክተር፣ አሁን ሲያማት ትነግረኛለች» ብላ ነው።

ውድ ወላጆች፣ የትኛውንም ቡድን ብትመርጡ ልጃችሁ «አመመኝ» ለማለት የማትፈራበት ይሁን። ዛሬ ማታ ራት ላይ «ትከሻሽ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። «ተጫወቺ አትጫወቺ» ሳትሉ፣ ዝም ብላችሁ አዳምጧት።

የእናንተ ልጅ የምትጫወተው የት ነው? ተሞክሯችሁን ከታች ጻፉልን። ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!